ወደቡ ከአጥሩ ይሰፋል

ከጅቡቲ መሐል ከተማ 12 ኪሎ ሜትር ግድም ወጣ ብሎ፣ ቤቶቹ ከጠጠራማው በረሃ ጋር በሚገናኙበት ጠርዝ፣ የእኛ ሾፌሮች አሳምረው የሚያውቁት ፒኬ 12 የሚባል ሠፈር አለ። አገር ቤት ክረምት ሲገባ እዚህ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ቀትር ላይ ሾፌሩ ከተሳቢው ሥር ምንጣፉን ዘርግቶ ጋደም ይላል፤ ከመኪናው ሆድ ሌላ ጥላ የለም። ረዳቱ ከጎን ከተገጠመችው የዕቃ ሳጥን ምድጃውን አውጥቶ ሽሮ ይጥዳል። ከዚያ መጠበቅ ነው። የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው ትራንዚተር ሰነዱ እንዳለቀ እስኪደውል፣ ተራው እስኪደርስ፣ የወደቡ በር እስኪከፈት ይጠበቃል። አንዳንዱ በማግሥቱ ይጭናል፤ አንዳንዱ ቀናት ይቆጥራል። በቆሙት መኪኖች መሐል ሻይ የሚሸጡ ሴቶች፣ ጎማ የሚለጥፉ ወጣቶች፣ ደብተራቸውን ይዘው ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ይተላለፋሉ። አቧራውና የናፍጣው ጭስ ለሁሉም እኩል ይደርሳል።

ወደብ ሲባል ዓይናችን የሚሄደው ወደ ባሕሩ ነው፤ ወደ መርከቡ፣ ወደ ክሬኑ፣ ወደ ተደራረቡት ኮንቴይነሮች። ፒኬ 12 ከዚያ ሥዕል ውጭ ነው። ግን መርከቡ ያወረደውን ጭነት የሚጠብቀው መኪና የሚቆመው እዚህ ነው፤ የወደቡ ሥራ ሲጓተት ሜዳ ላይ የሚያድረው ሰው ያለው እዚህ ነው። ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚች ከተማ በኩል ያልፋል። እኛ ስለ ወደብ ስናነሣ የምንከራከረው ስለ ባለቤትነት፣ ስለ ኪራይና ስለ ዲመሬጅ፣ ማለትም ስለ መዘግየት ክፍያ፣ ነው። ከወደቡ አጥር ጥግ የሚኖረው ሰው ምን አየር እንደሚተነፍስና ምን ውኃ እንደሚጠጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጥያቄው ደግሞ የጅቡቲዎች ብቻ አይደለም። መኪናው የእኛ ነው፣ ጭነቱ የእኛ ነው፣ ጭሱም በከፊል የእኛ ነው።

ወደብን ለዘለቄታው ማቀድ ማለት፣ በእኔ እምነት፣ አጥሩን ትቶ ጥላው እስከሚደርስበት ድረስ መለካት ማለት ነው። የጅቡቲ ወደብ ጥላ ደግሞ ረጅም ነው፤ እስከ ሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን የከርሰ ምድር ውኃ፣ ደረቅ ወደብ እስካለባት እስከ ሞጆ ጎዳናዎች ይዘልቃል።

በአጥር የተከፈለች ከተማ

ጅቡቲ ከተማ የተወለደችው ከወደቡ ጋር ነው። ፈረንሳዮች በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ ከተማዋን የቆረቆሩት በ1888 ነበር፤ መቀመጫቸውንም በኋላ ከኦቦክ ወደዚያ አዛወሩ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከባሕሩ ከፍ ያሉትን የኮራል አምባዎች በሙሌት አያይዘው ወደቡንና የራሳቸውን መኖሪያ እዚያ ላይ ሠሩ። የአገሬው ሰውና ሥራ ፍለጋ የመጣው ሁሉ የሰፈረው ከአምባዎቹ በታች፣ ውኃ በሚተኛበት ዝቅተኛ መሬት ነው። እስከ ዛሬ በቁጥር የሚጠሩት ሠፈሮች፣ ካርቲዬ 1፣ ካርቲዬ 2 እየተባለ የሚቀጥሉት፣ እዚያው ናቸው። በ1897 ሥራው የተጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የጅቡቲ ዕድልና የኢትዮጵያ ንግድ ተለያይተው አያውቁም ማለት ይቻላል።

በ1966 ጄኔራል ደጎል ከተማዋን ሲጎበኙ የነፃነት ጥያቄ ያነገበ ተቃውሞ ተነሣ። ቅኝ ገዥዎቹ መልስ የሰጡት ከተማዋን በሽቦ አጥር በመክበብ ነበር። ከገጠርና ከጎረቤት አገር የሚመጣው ሰው መግባት ሲከለከል ከአጥሩ ወዲያ ማዶ፣ ከአምቡሊ ወንዝ ባሻገር፣ በቆርቆሮና በጣውላ ቤት እየቀለሰ ሰፈረ። ባልባላ የሚባለው ሰፊ ሠፈር ያደገው እንዲህ ነው። ጅቡቲ በ1977 ነፃ ወጣች፤ ሽቦውም ተነሣ፤ ባልባላም በ1980ዎቹ በይፋ የከተማዋ አካል ሆነች። የአጥሩ ሐሳብ ግን ቶሎ አልተነሣም። ዛሬም ወደ ወደቡና ወደ መሐል ከተማው ለሥራ የሚጎርፈው ብዙ ሰው የሚነሣው ከባልባላ ነው፤ ቧንቧውም መንገዱም የፍሳሽ መስመሩም ዘግይቶ የሚደርሰው እዚያው ባልባላ ነው።

ከ1998 በፊት የኢትዮጵያ ጭነት በብዛት የሚወርደው አሰብ ላይ ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲፈነዳ ያ ሁሉ ጭነት በአንድ ጊዜ ወደ ጅቡቲ ዞረ። አሰብ መርከብ የራቃት ከተማ ሆነች። በአማርኛ የምትገበያየው፣ በወደብ ሠራተኛ ደመወዝ የምትኖረው ያቺ ከተማ ቡና ቤቶቿ ተዘግተው፣ ቤተሰቦቿ ተበትነው ቀሩ። በአንድ ደንበኛ ላይ ብቻ የቆመ ወደብ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ከአሰብ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ስለ ዘላቂነት ሲነሣ ብዙ ጊዜ ጭስና ፍሳሽ ብቻ ይወራል። የወደብ ከተማ ነዋሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈራው ግን መርከቡ አንድ ቀን ባይመጣስ ብሎ ነው።

ጅቡቲ በበኩሏ ያልተዘጋጀችበት ጭነት ወረደባት። በከተማዋ አፍንጫ ሥር ያለው አሮጌው ወደብ ጠበበ። ስለዚህ ሥራው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዶራሌ ሄደ። መጀመሪያ የነዳጅ ተርሚናል፣ በ2009 የኮንቴይነር ተርሚናል፣ በ2017 ደግሞ 590 ሚሊዮን ዶላር የፈጀው ሁለገብ ወደብ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ታጁራና ጉቤት ላይ ሌሎች ሁለት ወደቦች ተመረቁ። በ2018 ነፃ የንግድ ቀጣናው ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የተዘጋጀለት ቦታ 240 ሄክታር ሲሆን፣ ሙሉ ዕቅዱ 4,800 ሄክታር ይሸፍናል። ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ግድም ለሆነ፣ ከዚያም አብዛኛው በአንድ ከተማ ለሚኖርባት አገር ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

አሁን ትልቁ ጥያቄ አሮጌው ወደብ የቆመበት መሬት ነው። የወደቡ ባለድርሻ የሆነው ቻይና መርቻንትስ በሼንዘን ሼኮ ላይ የሠራውን አርአያ እዚህ መድገም ይፈልጋል፤ ወደብ ከፊት፣ የኢንዱስትሪ ቀጣና ከመሐል፣ ከተማ ከኋላ። በዕቅዱ መሠረት አሮጌው ወደብ የቢሮ፣ የንግድና የሆቴል ሠፈር ይሆናል። ሐሳቡን አልጠላውም። ከአጥር በስተኋላ የቆየ የባሕር ዳርቻ ለከተማዋ መመለሱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሼኮ ላይ የተሠራው ሰፊ ባዶ ቦታ ላይ ነበር። ጅቡቲ ላይ ከተማዋ ከ130 ዓመት በላይ እዚያው አለች። ከኋላ የምትመጣ ሳትሆን ቀድማ የነበረች ናት። የካርቲዬ 2 ልጅ ከቤቱ ተነሥቶ በእግሩ ባሕሩ ጋ መድረስ ካልቻለ አንዱ አጥር በሌላ አጥር ተተካ ማለት ነው፤ ያኛው የሽቦ ነበር፣ ይህኛው የዋጋ ይሆናል።

ሮተርዳም በውሉ ላይ የጻፈችው

መርከብ እየተለቀ ሲሄድ ጥልቅ ውኃና ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል፤ ጅቡቲ ላይ እንደሆነው ሁሉ ወደቡም ከተማውን ትቶ ወደ ባሕሩ አፍ ይሸሻል። ይህን ከሮተርዳም ይበልጥ አጉልቶ ያሳየ ከተማ የለም። ከ1872 ወዲህ፣ ከተማዋን ከሰሜን ባሕር ጋር በቀጥታ ያገናኘው ቦይ ሲከፈት ጀምሮ፣ ወደቡ ትውልድ በተቀየረ ቁጥር ወደ ምዕራብ ተጉዟል፤ ቦትሌክ፣ ዩሮፖርት፣ ማስፍላክተ። ባዶ የቀሩት መትከያዎች መሐል ከተማው ውስጥ ለዓመታት ከቆሙ በኋላ ኮፕ ፋን ዛውድ በሚባለው ሠፈር መኖሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ቢሮ ተሠራባቸው። በ1996 የተከፈተው የኤራስመስ ድልድይ ሠፈሩን ከመሐል ከተማ ጋር አያያዘው። ድልድዩ ቀድሞ፣ ባለሀብቱ ተከትሎ መምጣቱን ልብ ይሏል።

በ2008 ሥራው የተጀመረው ሁለተኛው ማስፍላክተ ከባሕር ላይ በአሸዋ ሙሌት የወጣ 2,000 ሄክታር መሬት ነው። ዕቅዱ ሲጸድቅ ሁለት ግብ ጎን ለጎን ተጻፈለት፤ አንዱ ወደቡን ማስፋት፣ ሌላው በዙሪያው የሚኖረውን ሰው ኑሮ ማሻሻል። ስለዚህ 750 ሄክታር አዲስ የተፈጥሮና የመዝናኛ ሥፍራ፣ እንዲሁም ጉዳት ለደረሰበት የባሕር ወለል ማካካሻ 25,000 ሄክታር ጥብቅ ሥፍራ የፕሮጀክቱ አካል ሆነ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። የወደቡ አስተዳደር ለኮንቴይነር ተርሚናሎቹ መሬቱን ሲያከራይ፣ በ2030ዎቹ አጋማሽ በከባድ መኪና የሚወጣው ጭነት ከ35 በመቶ እንዳይበልጥ በኪራይ ውሉ አስገባ። ቀሪው 45 በመቶ በወንዝ ጀልባ፣ 20 በመቶ በባቡር ይሂድ ተባለ። ይህ መፈክር አይደለም። ተርሚናሉ የፈረመበት ግዴታ ነው።

ወደ እኛ መሥመር ልመለስ። ከሰበታ ጅቡቲ የሚደርሰው ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ተመርቆ ከ2018 መጀመሪያ አንሥቶ መደበኛ አገልግሎት ይሰጣል። ያም ሆኖ አብዛኛው ጭነት ዛሬም በጋላፊ በኩል በከባድ መኪና ይጓዛል፤ ነዳጁ በቦቴ ይመጣል። ባቡሩ ኃይል ይቆረጥበታል፤ ሐዲዱ ላይ ግመልና ከብት እየተገጨ ከአርብቶ አደሩ ጋር ካሣ ያወዛግባል። በመኪናው መሥመር ደግሞ በጅቡቲ በኩል ያለው የጋላፊና የዮቦኪ መንገድ ለዓመታት ስንቱን ጎማና ስንቱን ባሌስትራ እንደ በላ ሾፌሮች ይናገሩ። ሾፌሩን ከሥራ ማስወጣት አይደለም የምለው። 900 ኪሎ ሜትር ግድም በረሃ ለበረሃ ከሚመላለስ፣ ከሞጆ ወይም ከድሬዳዋ ወዲህ አጭር መንገድ እየነዳ ማታ ቤቱ ቢገባ እሱም ልጆቹም ይጠቀማሉ። የሮተርዳምን ቁጥር መገልበጥ አያስፈልግም፤ የራሳችንን ቁጥር ግን ማስፈር ይቻላል። ኢትዮጵያ የጅቡቲ ወደቦች ዋና ደንበኛ ናት። በየጊዜው በሚታደሰው የአገልግሎት ስምምነት ውስጥ በዚህ ዓመት ይህን ያህል ማዳበሪያ፣ በዚያኛው ዓመት ይህን ያህል ኮንቴይነር በባቡር ይነሣል የሚል አንቀጽ የማስገባት አቅም አላት።

መርከቡ ጥግ ሲይዝ

መርከብ ወደብ ገብቶ ሲታሰር ዋናው ሞተሩ ይጠፋል። መብራቱን፣ ፓምፑን፣ ማቀዝቀዣውን የሚያንቀሳቅሱት ረዳት ሞተሮች ግን ሌት ተቀን ይሠራሉ፤ ጭሳቸውን የሚቀበለው ከወደቡ ጥግ ያለው ሠፈር ነው። በሎስ አንጀለስ ወደብ አጠገብ የሚኖሩ የሳን ፔድሮ ነዋሪዎች ይህን ተሸክመው መኖር ሰለቻቸው። ለአንድ የቻይና መርከብ ኩባንያ አዲስ ተርሚናል ሲሠራ የአካባቢ ጉዳቱ በቅጡ አልተጠናም ብለው ከአካባቢ ተቆርቋሪዎች ጋር በ2001 ወደቡን ከሰሱ። ነገሩ በስምምነት አለቀ፤ በ2004 በዚያው ተርሚናል የታሰሩ መርከቦች ሞተራቸውን አጥፍተው ከከተማዋ የኤሌክትሪክ መሥመር ኃይል መውሰድ ጀመሩ። በ2006 ሎስ አንጀለስና ሎንግ ቢች የጋራ የንጹሕ አየር ዕቅድ አወጡ፤ በ2008 አሮጌ የናፍጣ መኪኖችን ከወደቡ ማገድ ጀመሩ። ከ2005 ጋር ሲነጻጸር ከወደቡ የሚወጣው የናፍጣ ብናኝ ወደ 90 በመቶ በሚጠጋ መጠን ቀንሷል። ንግዱ በዚህ ምክንያት አልሞተም።

ዶራሌ ላይ የታሰረ መርከብ ከየብስ ኃይል መውሰዱ ሩቅ ሕልም አይመስለኝም። ጅቡቲ ከ2011 ጀምሮ ከድሬዳዋ በሚሄደው መሥመር የኢትዮጵያን የውኃ ኃይል ትገዛለች። ጉቤት ላይ በ2023 የተመረቀው 60 ሜጋ ዋት ግድም የሚያመነጨው የነፋስ ኃይል ማመንጫም ሥራ ላይ ነው። የኢትዮጵያን ስንዴ የሚያወርድ መርከብ በኢትዮጵያ መብራት ሞተሩን አጥፍቶ ቢያራግፍ የቴክኒክ እንቅፋቱ የሚታለፍ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን መከበር አለበት። በሐምሌ ሙቀት ባልባላ መብራት ጠፍቶባት መርከብ የሚበራ ከሆነ ዕቅዱ ተገልብጧል።

ውኃ፣ ሲጠፋም ሲመጣም

ጅቡቲ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 150 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላበት ጊዜ ብዙ ነው። ከተማዋ ለዘመናት የጠጣችው በጥቁር ድንጋይ መሐል ካለ የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ጉድጓዱ በተሳበ ቁጥር ባሕሩ ይጠጋል፤ ውኃውም ይጨውላል። እናቶች ሻዩ ጨው ጨው አለ እያሉ ስንት ዓመት አሳልፈዋል። በዚህ ላይ የወደቡ፣ የመርከቦቹና የነፃ ቀጣናው ፍላጎት ተጨመረ። መፍትሔው ከሁለት አቅጣጫ መጣ። አንዱ ከባሕሩ ነው፤ በ2021 ዶራሌ ላይ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የተመረቀው ጨው ማጣሪያ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ ውኃ እንዲያመርት ታስቦ ተሠራ። ሌላው ከእኛ ነው። ከሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ተነሥቶ 100 ኪሎ ሜትር ግድም የሚጓዝ ቧንቧ በ2017 ሥራ ጀመረ፤ የተነደፈው በቀን እስከ 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያሳልፍ ነው። ኢትዮጵያ ውኃውን የሰጠችው በነፃ ነው።

ለጎረቤት ውኃ መስጠት ደግ ነገር ነው፤ እደግፈዋለሁ። የማይዋጥልኝ፣ ቧንቧው የሚነሣበት አካባቢ ራሱ ድርቅ የሚመላለስበት መሆኑ ነው። እዚያ ያለው አርብቶ አደር ግመሉን ይዞ ውኃ ፍለጋ ረጅም መንገድ ይሄዳል። የጉድጓዶቹ መጠን በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚወርድ ለአካባቢው ሽማግሌዎች በሶማሊኛ ቢነገር፣ ከመሥመሩ ለመንደሮቹና ለከብቶቹ የሚወጣ ውኃ በስምምነቱ ተለክቶ ቢሰፍር፣ የወደቡ ዕቅድ እነሱንም ቆጠረ ማለት እንችል ነበር። ወደብ በባሕር ዳር ይታያል፤ የሚጠጣው ግን ከሲቲ ነው።

ውኃው ሲመጣ ደግሞ በአንድ ጊዜ ነው። አምቡሊ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ዳር ዳሩን አትክልት ይተከልበታል። በሚያዝያ 2004 ድንገት ሞልቶ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በኅዳር 2019 የሁለት ዓመት ዝናብ በአንድ ቀን ወርዶ ከተማዋን አጥለቀለቃት፤ ባልባላና ዝቅተኞቹ ካርቲዬዎች ብርቱ ጉዳት ደረሰባቸው። በከተማዋ ዙሪያ የመኪና ማቆሚያ፣ የመጋዘን ሜዳ፣ የአስፋልት መንገድ በተጨመረ ቁጥር መሬቱ የሚመጠው ውኃ ይቀንሳል፤ ወደ ወንዙ የሚሮጠው ይበዛል። በሌላ በኩል የባሕሩ ከፍታ እየጨመረ ነው። ዝቅተኛዎቹ ሠፈሮች በሁለቱ መሐል ናቸው። ስለዚህ አዲስ ሜዳ የሚያነጥፍ ባለወደብ፣ ከሜዳው የሚወርደውን የዝናብ ውኃ የሚያቆይ ኩሬና ቦይ በራሱ ወጪ ይሥራ ማለት ተራ የምሕንድስና ጥያቄ ነው። ከክሬን ዋጋ ጋር ሲተያይ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ከውኃው ሌላ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ነሐሴ 4 ቀን 2020 ቤይሩት ወደብ መጋዘን 12 ውስጥ ለዓመታት የተረሳ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ 300,000 የሚደርሱ ቤት አልባ ሆኑ። የአገሪቱ ትልቁ የእህል ጎተራም ወደቡ ላይ ስለነበር አብሮ ወደመ። በዚያች ከተማ በሰው ቤት የሚሠሩ እጅግ ብዙ እኅቶቻችን ነበሩ፤ ከፍንዳታው በኋላ ከአሠሪዎቻቸው ቤት ተባርረው ሜዳ ላይ ያደሩም ነበሩ። አደገኛ ጭነት ከመኖሪያ ሠፈር ምን ያህል ይራቅ፣ ስንት ቀን ይቀመጥ፣ ማን ይቆጣጠር የሚለው የካርታ ጥያቄ የሚሆነው ለዚህ ነው። ጅቡቲ የነዳጅ ሥራውን ከከተማዋ ውጭ ዳመርጆግ ወደሚባል ሥፍራ ለማራቅ መጀመሯ በዚህ ረገድ መልካም ነው። ጉዳዩ ግን ዳመርጆግ ዙሪያ ነገ ቤት እንዳይሠራ የሚከለክል መስመር ዛሬ መሰመሩ ነው። ሥራ ባለበት ሰው ይሰፍራል፤ ባልባላ ያስተማረችን ይህንኑ ነው።

ሞጆ

የወደቡ ጥላ ሌላኛው ጫፍ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ነው። ሞጆ ባሕር የላትም፤ ጭንቀቷ ግን የወደብ ከተማ ጭንቀት ነው። ከጅቡቲ በመልቲሞዳል የሚመጣው ኮንቴይነር በብዛት የሚያርፈው እዚህ ደረቅ ወደብ ላይ ነው። የዓለም ባንክ ደረቅ ወደቡን ትልቅ የሎጂስቲክስ ማዕከል ለማድረግ 150 ሚሊዮን ዶላር በ2017 ፈቀደ። የፍጥነት መንገዱም፣ ወደ ሐዋሳ የሚወስደው መሥመርም፣ ባቡሩም በዚሁ ዙሪያ ይገናኛሉ። የሞጆ ወንዝ ደግሞ ከቆዳ ፋብሪካዎቹ የሚወጣውን ፍሳሽ ለዓመታት ተሸክሞ ወደ አዋሽ ሲወስድ ኖሯል። በአሮጌው መንገድ ዳርና ዳር መኪኖች ተደርድረው ያድራሉ፤ ባጃጁ፣ ጋሪውና ተማሪው በተሳቢዎቹ መሐል ይሽሎከለካል።

ጅቡቲ ላይ ብዙው ነገር ከተሠራ በኋላ የሚታረም ነው፤ ሞጆ ላይ ገና የሚወሰን ብዙ አለ። የሾፌሮች ማረፊያው ሽንት ቤት፣ መታጠቢያና ክሊኒክ ይኖረዋል ወይስ ባዶ ሜዳ ይሆናል? ትምህርት ቤቶቹ ከጭነት መንገዱ ምን ያህል ይርቃሉ? የማዳበሪያውና የኬሚካሉ መጋዘን ከየትኛው ሠፈር ጥግ ይቆማል? ከኮንቴይነር ሜዳው የሚወርደው ዘይት የነካው ጎርፍ ወንዙ ጋ ሳይደርስ የት ይጣራል? ከእርሻው የሚነሣው ገበሬ ካሣውን ይዞ ወዴት ይሄዳል፣ ልጁስ ወደቡ ውስጥ የክሬን ኦፕሬተር የሚሆንበት ሥልጠና አለው ወይ? ደረቅ ወደቡን የሚያስተዳድረው ድርጅት የራሱን ቅጥር ግቢ ያቅዳል፣ ጉምሩክ የራሱን በር፣ ባቡሩ የራሱን ሐዲድ፣ ከተማ አስተዳደሩ የተረፈውን። አራቱም አንድ ካርታ ላይ ተፈራርመው፣ ካርታው የከተማው ሰው በሚያየው አደባባይ ላይ ተለጥፎ አስተያየት ሊሰጥበት ይገባል፤ ያም የሚሆነው ቀጣዩ የማስፋፊያ ጨረታ ከመውጣቱ በፊት ነው።